ያውቁ ኖሯል? ግንብ የማይመልሰው ሳል

◆ ሐምሌ ሲገባ ጫንጮና መላው የሱሉልታ ሜዳ መስኮቱን ዘግቶ፣ ቡልኮ ደርቦ ያድራል። ይህ የደጋ ልማድ ብዙ ሰው ጎን ለጎን በሚተኛበት የእስር ክፍል ግን አደገኛ ነው። የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው ሲያስል የሚወጡት ረቂቅ ጠብታዎች በተዘጋ ክፍል ለሰዓታት አየር ላይ ይቆያሉ። ትይዩ መስኮቶች ከተከፈቱ ነፋሱ ይጠርጋቸዋል።

◆ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እስረኞች በቲቢ የመታመም ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ በ10 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ማረሚያ ቤቶች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናትም በሽታው ከአጠቃላዩ ሕዝብ 7 እጥፍ በልጦ አግኝቶታል።

◆ ሁለት ሳምንት የዘለቀ ሳል የአክታ ምርመራ ያስፈልገዋል። ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነጻ ነው። አዲስ ታራሚ በገባበት ዕለት «ሳል አለህ? ስንት ቀን ሆነህ?» ተብሎ መጠየቁ ክፍሉን ሙሉ ሊያተርፍ ይችላል።

◆ በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ዛሬም ከሚገኝባቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ትኩሳቱ ለቀቀ ሲባል ከቀናት በኋላ ስለሚመለስ ነው ግርሻ የተባለው። ቅማሉ የሚኖረው በልብስ ስፌት ውስጥ ነው፤ ወደ ገላ የሚወጣው ደም ለመምጠጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ገላን ታጥቦ ያንኑ ልብስ መልሶ መልበስ ከንቱ ድካም ነው፤ ልብሱ በፈላ ውኃ መዘፍዘፍ አለበት። በጥፍር መጨፍለቅ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም! ተዋስያኑ የሚወጡት ቅማሉ ሲፈነዳ ነው፤ በተቧጨረ ቆዳም ይገባሉ።

◆ ተስቦን የሚያስተላልፈው ቅማል መሆኑን ቱኒስ ውስጥ የደረሰበት ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ኒኮል ነው። ሕመምተኞቹ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሌላውን ያስይዛሉ፤ ታጥበው ልብስ ከቀየሩ በኋላ ግን ማንንም አያስይዙም። ይህን ማስተዋሉ እ.ኤ.አ. በ1928 የኖቤል ሽልማት አስገኘለት።

◆ እ.ኤ.አ. በ1750 ለንደን ውስጥ ከኒውጌት እስር ቤት ለችሎት የቀረቡ እስረኞች ይዘውት የመጡት ተስቦ የከተማዋን ከንቲባና ዳኞችን ሳይቀር ገድሏል።

◆ እከክ የያዘው አንድ ሰው ቢሆንም የክፍሉ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን መታከም ይኖርበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከክ እስኪጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል፣ ጤነኛ የሚመስለው ጎረቤት የታከመውን መልሶ ያስይዘዋል።

◆ ምላጭ መዋዋስ የጉበት ቫይረስን ያጋባል።

◆ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። በ12ኛው ቀን፣ መጋቢት 16፣ ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ ለ4,011 ታራሚዎች ይቅርታ መደረጉን ይፋ አደረጉ፤ አንዱ ምክንያት የማረሚያ ቤቶችን መጨናነቅ ማቃለል ነበር። ከብዙ ሀብታም አገሮች የፈጠነ ውሳኔ ነበርና ሊታወስ ይገባዋል።

◆ የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 21 እስረኛን ሊጎበኙ ከሚችሉት መካከል ከትዳር ጓደኛውና ከጠበቃው ጋር ሐኪሙንም በስም ይጠቅሳል።

◆ የተለመደው የቲቢ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ ይቅርታና ዋስትና ግን 6 ወር አይጠብቁም። መድኃኒቱ መሀል ላይ ከተቋረጠ በሽታው መድኃኒት የማይበግረው ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ዘመድዎ ሲፈታ በር ላይ አቅፈው ሲቀበሉት ሕክምና ላይ እንደነበር ይጠይቁት፤ ከነበረም በሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ የሚቀጥልበትን የዝውውር ወረቀት ሳይዝ አይውጣ።