ተጨማሪ መረጃ፦ ስፔሻሊቲ የሚባለው መቼ ነው?

አንድ የጥርስ ሐኪም በአንድ ሥራ ስለተካነ ብቻ ሥራው ስፔሻሊቲ አይባልም። በአሜሪካ ዘርፉ ከነባሮቹ የተለየ ዕውቀትና ክህሎት እንዳለው፣ ከመሠረታዊው ዲግሪ በኋላ ቢያንስ የሁለት ዓመት ሥልጠና እንደሚጠይቅና ሕዝቡ እንደሚያስፈልገው በማስረጃ ማሳየት አለበት።

የሰመመን ሕክምናን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1844 ሆራስ ዌልስ የተባለ የጥርስ ሐኪም ናይትረስ ኦክሳይድ ስቦ የገዛ ጥርሱን አስነቀለ። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላው የጥርስ ሐኪም ዊልያም ሞርተን፣ ኤተር የሰጠው ሕመምተኛ በቦስተን ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ሐኪሞች በዓይናቸው አዩ። የሰመመን ጥበብ በእነዚህ ሰዎች እጅ ቢስፋፋም፣ በጥርስ ሕክምና ውስጥ ስፔሻሊቲ ተብሎ የታወቀው ግን በ2019 ነው!

ምክንያቱ የሳይንስ ጉድለት ብቻ አልነበረም። ቀደም ሲል የሚወስነው የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር የተወካዮች ጉባኤ በድምፅ ብልጫ ስለነበር ጥያቄው ደጋግሞ ወድቋል። አዲስ ዘርፍ የነባሮቹን ሥራና ገቢ ሊነካ ስለሚችል፣ ውሳኔውን ለባልደረቦች ድምፅ መተው ተገቢ አልነበረም። በ2017 ጉዳዩ መስፈርቱን ብቻ ለሚመዝን ብሔራዊ ኮሚሽን ተላለፈ። የአፍ ውስጥ ሕክምና እና የአፍና የፊት ሕመም ሕክምና በ2020 ሲጨመሩ ዕውቅና ያላቸው ዘርፎች 12 ደረሱ።