መንገዱ ራሱ «ቀስ በል» ሲል

እናንተ፣ ዛሬ የገባኝን ነገር ሳልነግራችሁ አላድርም! ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚወስደው አስፋልት ቆቦ ከተማን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ እንደሚያልፍ ታውቃላችሁ። ያው አንዱ መንገድ ለሲኖትራክም፣ ለአይሱዙም፣ ለባጃጅም፣ ለጋሪም፣ ገበያ ለሚገባ ግመልም፣ ከትምህርት ቤት ለሚለቀቅ ልጅም ነው። ሰው ሲገጭ ታዲያ ግማሹ ሹፌሩን ይወቅሳል፣ ግማሹ «እግረኛው አያይም ወይ?» ይላል። መንገዱን የሚወቅስ ሰው ግን አልሰማሁም። ለካ ትልቁ ነገር ያለው እዚያ ነው!

ኑ፣ በቁጥር እንየው፤ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ ወደ 14 ሜትር ይጓዛል። በ30 የሚሄደው 8 ሜትር ከምናምን። አሁን አንድ ልጅ 14 ሜትር ያህል ፊት ለፊት ድንገት ወደ አስፋልቱ ገባ እንበል። ንቁ የሚባለውም ሹፌር አይቶ እግሩን ፍሬኑ ላይ እስኪያሳርፍ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። በ30 የሚመጣው በዚያች ሰከንድ 8 ሜትር ይሄዳል፤ ከዚያ ፍሬን ይይዛል፤ አስፋልቱ ደረቅ፣ ፍሬኑም ጥሩ ከሆነ በ5 ሜትር ውስጥ ይቆማል። ልጁ ተርፏል፤ ቢበዛ ክላክስ ይጮህበታል። በ50 የሚመጣውስ?

ገና ፍሬኑን ሲነካ ልጁ ጋ ደርሷል! ወይ ጉድ! ትንሽ እንኳ አልቀነሰም፤ የሚገጨው በዚያው በ50 ነው። እኔ ይችን ሂሳብ ስጨርስ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ዝም አልኩ። የተጫነ ሲኖትራክ ሲሆን ደግሞ ለመቆም ከዚህም የረዘመ ቦታ ይፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት የመኪኖች አማካይ ፍጥነት በ1 ከመቶ በጨመረ ቁጥር ሰው የሚሞትበት አደጋ በ4 ከመቶ ያህል ይጨምራል የሚለው፣ አሁን ገና ትርጉም ሰጠኝ።

እሺ፣ ሹፌሩን እንዴት ወደ 30 እናውርደው? ታፔላ መትከል አንድ ነገር ነው፤ ሰፊና ቀጥ ያለ አስፋልት ግን «ንዳው» እያለው ታፔላውን ማን ያነበዋል? የራያ ገበሬ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው ሲጠልፍ ቀስ በል ብሎ አይለምነውም። በድንጋይና በቅርንጫፍ ከትሮ፣ መንገዱን አጣሞ ያበርደዋል እንጂ። መንገድም እንደዚሁ ነው! (ምሳሌው አንድ ቦታ ላይ ይከዳኛል፤ ውኃ ሲጠብበት ይፈጥናል፣ ሹፌር ግን ሲጠብበት ይቀንሳል።)

ለምሳሌ የመስቀለኛ መንገድን ማዕዘን ተመልከቱ። መታጠፊያው ሰፋ ብሎ ከተቆለመመ ሹፌር መሪውን ዘንበል አድርጎ ሳይቀንስ ይታጠፋል። ጠበብ ካለ ግን ወደደም ጠላም ይቀንሳል። ደግሞ የእግረኛው መንገድ መሻገሪያው ጋ ሲደርስ ወደ አስፋልቱ ወጣ ይበል፤ የሚሻገሩት ርቀት ያጥራል። ማጠሩ ምን ይጠቅማል? ደህና የሚራመድ ሰው 14 ሜትር ለመሻገር 12 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ በ50 የሚመጣ መኪና ከ160 ሜትር በላይ ይከንፋል! ስለዚህ አንዲት የምትሻገር እናት ከመግባቷ በፊት ያን ያህል ርቆ ያለ መኪና መቼ እንደሚደርስ መገመት አለባት ማለት ነው። ማን ይችላል? ወደ 7 ሜትር ቢያጥርላት 6 ሰከንድ ይበቃታል። ማጥበብ ካልተቻለ መሃል ላይ መቆሚያ ደሴት ይሠራላት፤ መጀመሪያ ወደ ግራ ብቻ አይታ ግማሹን ትሻገራለች፣ ትንፋሿን ትሰበስባለች፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ብቻ አይታ ሌላውን።

ይህ ደግሞ በውጭ አገር ብቻ የሚሠራ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ በ2009 ዓ.ም. በብሉምበርግ የመንገድ ደኅንነት ፕሮግራም ድጋፍ ተሞክሯል። እኔን ያስደሰተኝ አሠራሩ ነው፤ ሲሚንቶ ከመፍሰሱ በፊት በቀለም፣ በኮንና በድንጋይ ማዕዘኑን አጥብበው፣ ለእግረኛው ቦታ ለቀው፣ መኪናው እንዴት እንደሚሆን አዩ። ካልሠራ ድንጋዩን ማንሳት ነው! ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ መንገድ ሲታደስ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ኮሪደር ልማትንና የሚፈርስ ቤትን ነው። ይኼኛው ግን አንድም ቤት ሳይነካ ይጀመራል።

ቆቦ ላይ የሚከብደው ሌላ ነው። ይህ መንገድ የአገር ዋና መንገድ ስለሆነ ባለቤቱ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው፤ ዳርና ዳሩ ግን የከተማው ነው። አንዱ ያለ ሌላው ቀለም እንኳ አይቀባም። ገበያ የሚመጣው ጋሪና ረጅሙ ተሳቢም ጠባቡ ማዕዘን ላይ መታጠፍ መቻል አለባቸው፤ እሱ በሜትር ተለክቶ የሚያልቅ ነው። እኔን ያላስተኛኝ የባጃጁ ነገር ነው። መሻገሪያውን ስናሳጥር የምንወስደው ባጃጆቹ ቆመው ሰው የሚጭኑበትን ጥግ ነው፤ ሌላ ቦታ ካልሰጠናቸው በማግሥቱ ዜብራው ላይ ይቆማሉ። ከከተማው መናኸሪያ በር ትንሽ ራቅ አድርገን ብናስቆማቸውስ ብያለሁ፤ ከእናንተ መሃል ባጃጅ የሚነዳ ካለ ይንገረኝ፣ ተሳፋሪው እዚያ ድረስ በእግሩ ይመጣል?