የአየር ወለዱ ጦርነት በእግር ነበር

አባቱ ወይም አጎቱ አየር ወለድ የነበረ ሰው ታሪኩን ሲያወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከሰማይ ነው። አውሮፕላን፣ የተከፈተ በር፣ ነፋስ፣ የተዘረጋ ጃንጥላ። ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ፎቶም ይህንኑ ያግዛል፤ ወጣቱ ወታደር ቦኔቱን አዘንብሎ፣ ደረቱ ላይ ክንፉን ለጥፎ ይታያል። ልጆችም አባታቸው በጂጂጋ ሰማይ ላይ ተንሳፍፎ ጠላት መሐል ሲያርፍ ይታያቸዋል።

ሐቁ ሌላ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል በተደረገው ጦርነት ተራው አየር ወለድ በዋናነት የተዋጋው እንደ እግረኛ ነው። ምሽግ ቆፈረ፣ ዳገት ወጣ፣ ውኃ ጠማው፣ ጓደኛውን ተሸከመ። ይህን መናገር ክብሩን መቀነስ አይደለም። እንዲያውም ምን እንደተጠየቀና ምን እንደከፈለ በትክክል የሚገባን ይህን ስናውቅ ነው። የታሪኩ ጭራ ደግሞ ሩቅ ይሄዳል፤ ሐርጌሳ ዳርቻ ላይ እስካለው አያሃ የሚባል ሠፈር ድረስ።

መጀመሪያ ሙያውን እንየው። በኢትዮጵያ የአየር ወለድ ጦር የተደራጀው በንጉሡ ዘመን ሲሆን በሥልጠናው የእስራኤል መኮንኖች እጅ ነበረበት። መቀመጫው ደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ ነበር። ወታደሩ መሬት ላይ አወዳደቅ ይማራል፣ ከመድረክ ይዘላል፣ ከማማ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ይለማመዳል፤ አውሮፕላን የሚገባው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ዘላዩ ራሱ ገመድ ስቦ ጃንጥላውን የሚከፍት ይመስለዋል። በወታደራዊ ዝላይ እንዲህ አይደለም። ከጃንጥላው ቦርሳ የሚወጣ ጠንካራ ማሰሪያ አውሮፕላኑ ውስጥ ከተዘረጋ ሽቦ ጋር ይያያዛል። ወታደሩ ከበሩ ሲወጣ ማሰሪያው ይወጠርና ጃንጥላውን ስቦ ይከፍተዋል። ያ ካልሠራ ደረቱ ላይ መጠባበቂያ አለ፤ እሱን በእጁ ይከፍታል። ሁለቱ ጃንጥላዎች ብቻ ወደ 20 ኪሎ ይጠጋሉ። መሣሪያው፣ ጥይቱ፣ ኮዳውና ስንቁ ከዚያ በላይ ነው።

ከ400 ሜትር ገደማ የተጣለ ወታደር አየር ላይ የሚቆየው አንድ ደቂቃ ያህል ነው። በሴኮንድ አምስት ወይም ስድስት ሜትር እየወረደ ይመጣል። መሬት ሲነካ የሚሰማው ድንጋጤ አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ካለው ግንብ ላይ ቢዘል ከሚሰማው ጋር ይቀራረባል። ቀላል ይመስል ይሆናል። ግን ያን ሁሉ ሸክም ይዞ፣ ነፋስ ወደ ጎን እየገፋው፣ የሚያርፍበት ድንጋይ ይሁን ጉድጓድ ሳያውቅ ነው። እግሩን ገጥሞ፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ፣ በጎኑ ተንከባልሎ መውደቅ ያለበት ለዚህ ነው። ይህን ያላወቀ ቁርጭምጭሚቱ ይሰበራል።

የእኛ አገር ደግሞ የራሷ ጣጣ አላት። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ትሆናለች። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ጃንጥላው የሚይዘው ያንሳል። ያው ሰው በዚያው ጃንጥላ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚወርደው አንድ አሥረኛ ያህል ፈጥኖ ይወርዳል። የኢትዮጵያ አየር ወለድ ሙያውን የተማረው ጃንጥላ ፈጥኖ በሚወርድበት አየር ላይ ነው። በአየር ወለዶች ጉልበትና ወገብ ላይ የቀረውን ሕመም ሳስብ ይህ ነገር ይታወሰኛል።

እንዲህ የሠለጠነ ወታደር ታዲያ ለምን በእግሩ ተዋጋ?

መልሱ ግማሹ ሒሳብ ነው። አየር ኃይሉ በዚያን ጊዜ የነበሩት የማጓጓዣ አውሮፕላኖች በዋናነት ሲ-47 እና ሲ-119 የሚባሉ ጥቂት አሜሪካ ሠራሽ አውሮፕላኖች ነበሩ። አንድ ሲ-119 ትጥቁን የታጠቀ 40 ሰው ገደማ ይይዛል። 1,500 ሰው ያለው ብርጌድ በአንድ ጊዜ ይዝለል ቢባል ከ35 በላይ አውሮፕላን ያስፈልጋል። አልነበረም። በጥቂት በጥቂቱ መጣል ደግሞ መጀመሪያ የወረዱትን ማስፈጀት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከዝላዩ በኋላ ያለው ነገር ነው። አየር ወለድ የሚወርደው በተሸከመው ብቻ ነው። ታንክ የለው፣ ከባድ መድፍ የለው፣ ጥይቱም ለሁለትና ሦስት ቀን ነው። ከኋላ የሚመጣ ጦር ቶሎ ደርሶ ካልተገናኘው ያልቃል። ጀርመኖች ይህን በግንቦት 1933 ዓ.ም. ቀርጤስ ደሴት ላይ ተምረውታል። ደሴቱን ያዙ፤ ግን የአየር ወለዱ ኪሣራ እጅግ ስለከበደ ሒትለር ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ትልቅ ዝላይ እንዲደገም አልፈለገም። ዝላይ የሚሠራው ጠላት ሳስቶ፣ ሰማዩ ነጻ ሆኖ፣ ሥራውም አጭር ሲሆን ነው። በግንቦት 1970 ዓ.ም. የፈረንሳይ የውጭ አገር ሌጂዮን ወታደሮች ዛየር ውስጥ ኮልዌዚ ከተማ ላይ ዘለው ነበር። ጂጂጋ አጠገብ ያለው የካራማራ ተራራ ወደ ኢትዮጵያ ጦር እጅ ከተመለሰ ገና ሦስት ወር አልሞላም ነበር። እዚያ የገጠማቸው ቀላል መሣሪያ የያዘ አማጺ ነው። ጂጂጋ ላይ የነበረው ግን ታንክና መድፍ ያለው መደበኛ ጦር ነው።

ጦርነቱ በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ሲከፈት የኢትዮጵያ ሠራዊት በመከራ ላይ ነበር። ብዙው ጦር ኤርትራ ላይ ተይዟል። መንግሥት በዚያው ዓመት ሚያዝያ ከአሜሪካ ጋር ስለተቆራረጠ የነበረው መሣሪያ መለዋወጫ አጥቷል። ጎዴ ወደቀች። ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ተጠቃች፤ ከተማዋ ግን አልተያዘችም። 1970 ዓ.ም. በባተ በሁለተኛው ቀን ጂጂጋ ተያዘች፤ የካራማራ በርም ተከትሎ በሶማሊያ ጦር እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ ያሰጋው የሐረር ተራ ነበር።

በእንዲህ ያለ ጊዜ የአንድ አገር መንግሥት የሚፈልገው ወታደር በደንብ የሠለጠነ፣ ሲታዘዝ የማያመነታ፣ ቶሎ ተነሥቶ ቶሎ የሚደርስ ነው። አየር ወለዱ ይህን ሁሉ ነበር። ስለዚህ ግንባሩ በሳሳበት መድፈኛ ሆነ። ታጠቅ ሠፈር የሠለጠነው ሚሊሺያ በብዛት ገና ልምድ ያልነበረው አዲስ ጦር ነበር። ከጎኑ ልምድ ያለው ሰው መቆም ነበረበት፤ ከዚህ ሥራ ብዙው በአየር ወለዱና በነባሩ መደበኛ ጦር ትከሻ ላይ ወደቀ። በእኔ አስተያየት የተራው አየር ወለድ ትልቁ ውለታ ይኸው ነው፤ ዝላዩ ሳይሆን መቆሙ።

መልሶ ማጥቃቱ ሲጀመር ነገሩ ተለወጠ። ከኅዳር 1970 ዓ.ም. ጀምሮ የሶቪየት መሣሪያ በአየር ጎረፈ፤ የኩባ ወታደሮችም ገቡ። በጥርና በየካቲት ጦሩ ካራማራን ፊት ለፊት ከመግፋት ይልቅ በሰሜን በኩል ተራራውን ዞረ። ፓራ ኮማንዶ የሚባሉት አየር ወለዶችም በዚህ ዘመቻ ተሰልፈው ነበር። በሰማይ በኩል የሄደው ትልቁ ነገር ጃንጥላ አልነበረም፤ ሚ-6 የሚባሉ ግዙፍ የሶቪየት ሄሊኮፕተሮች ቀላል ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎችን ከተራራው ማዶ ከጠላት ጀርባ አወረዱ። ከ20 ዓመት በፊት ቢሆን ለአየር ወለድ ይሰጥ የነበረውን ሥራ ሄሊኮፕተሩ ወሰደው ማለት ነው። ከሦስት ቀናት ያህል ከባድ ውጊያ በኋላ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጂጂጋ ተመለሰች። ዛሬ የካራማራ ድል ብለን የምናስበው ቀን ነው።

ጦሩን የመሩት ሰዎች ስም ተጽፏል። ተራው ወታደር ከዚያ ያተረፈው የጉዞ ድካም፣ ኮቾሮ የሚባለው ደረቅ ስንቅ ጥርስ ሰባሪነትና ወደ ኋላ የቀሩ ጓደኞች ስም ነው። ብዙዎቹ ድል ሲታወጅ በዚያው ወር ሌላ ትእዛዝ እየጠበቁ ነበር። መድረሻውም ሰሜን ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ዐሥር ዓመት በአብዛኛው የኤርትራ ተራራ ነው። ቀይ ኮከብ የተባለው ዘመቻ በ1974 ዓ.ም. ተከፍቶ ናቅፋን ሳይዝ ቀረ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ደግሞ አፋቤት ላይ የነበረው ናደው ዕዝ ተሰበረ። መንግሥት ከሌላ ቦታ ጦር ማምጣት ግድ ሆነበት። ያ ጦር የነበረው ምሥራቅ፣ ሶማሊያ ድንበር ላይ ነው። ከጥር 1978 ዓ.ም. ጀምሮ ጂቡቲ ላይ የተነሣው የሁለቱ መንግሥታት ንግግር በመጋቢት 1980 ዓ.ም. በስምምነት አለቀ። ጦሩ ከድንበር ይራቅ፣ እያንዳንዱም የሌላውን ተቃዋሚ አይርዳ ተባለ። ምሥራቅ የነበረው ጦርም ወደ ሰሜን ተሻገረ።

ከስምምነቱ አንድ ደስ የሚል ነገር ወጣ። በነሐሴ 1980 ዓ.ም. ሶማሊያ ውስጥ ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል የታሰሩ ከ3,500 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ምርኮኞች በቀይ መስቀል በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። ከመካከላቸው አንዱ አውሮፕላኑ ተመትቶ የተማረከው አብራሪ ለገሠ ተፈራ ነው። እናቶች ሞቷል ብለው ተዝካር ያወጡለት ልጅ በር ላይ የቆመበት ወር ነው።

ሌላው ውጤት ግን መራራ ነው። በሰሜን ሶማሊያ የአገሪቱን መሪ ዚያድ ባሬን ይወጋ የነበረው የሶማሊያ ብሔራዊ ንቅናቄ መቀመጫው ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። ስምምነቱ መሬቱን ከእግሩ ሥር ስቦ ወሰደበት። ተዋጊዎቹ አንድ መንገድ ብቻ ቀራቸው፤ ወደ ቤታቸው መግባት። ግንቦት 19 ቀን 1980 ዓ.ም. ቡርኦን፣ ግንቦት 23 ደግሞ ሐርጌሳን አጠቁ። የዚያድ ባሬ መንግሥት መልስ ከተማዋን በመድፍና በአውሮፕላን መደብደብ ሆነ። አውሮፕላኖቹ ከራሷ ከሐርጌሳ ማረፊያ እየተነሡ ሐርጌሳን ይደበድቡ ነበር። ሕዝቡ በእግሩ ወጥቶ ወደ ኢትዮጵያ ሸሸ። ከ300 ሺህ የሚበልጥ ሰው ሐርቲሼኽን በመሳሰሉ መጠለያዎች ሰፈረ። ሐርቲሼኽ በአንድ ወቅት በዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ ተብላ ነበር። ኢትዮጵያዊው ወታደር ከሐርጌሳ አቅጣጫ ፊቱን ባዞረበት ወቅት የሐርጌሳ ሕዝብ እሱ ወደተወው መሬት መጣ።

አያሃ የዚህ ስደት ልጅ ናት። ሰዎች ከመጠለያ ሲመለሱ የድሮ ቤታቸው ፈርሷል፣ ወይም መሬቱ የእነሱ አይደለም። አያሃ ሐርጌሳ ዳርቻ ላይ ለተመላሾችና ለተፈናቀሉ ሰዎች ከተሰጡት ሠፈሮች አንዷ ናት። በኋላም ድርቅ ከብቱን የፈጀበት አርብቶ አደር ወደ እነዚህ ሠፈሮች ተጨመረ።

ወደ አየር ወለዱ ልመለስ። በሠለጠነ ጦር ላይ ሁልጊዜ የሚደርስ አንድ ነገር አለ፤ ፖለቲካ ይፈልገዋል። በመጋቢት 1966 ዓ.ም. በኮሎኔል ዓለም ዘውድ ተሰማ የሚመራው የአየር ወለድ ጦር ደብረ ዘይት ያለውን የአየር ኃይል ሠፈር ከብቦ ነበር። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ደግሞ አሥመራ ላይ ሙከራውን ያከሸፈው 102ኛው አየር ወለድ ክፍለ ጦር ነው፤ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አዛዥ ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶም በዚያው ተገደሉ። ስለዚያ ቀን የሚያነሡ ሰዎች ዛሬም ድምፃቸው ይለወጣል። ተራው ወታደር ግን የታዘዘውን ከመፈጸም በላይ ምን ያውቅ እንደነበር ሳይጠየቅ፣ የክፍለ ጦሩ ስም ብቻ ዕድሜ ልኩን ተከተለው። ይህ ትክክል አይመስለኝም። የአዛዥ ውሳኔና የተራ ወታደር አገልግሎት ለየብቻ መመዘን አለባቸው።

መጨረሻው በአንድ ወር ውስጥ ሆነ። ግንቦት 10 ቀን 1983 ዓ.ም. ቡርኦ ላይ የሶማሌላንድ ነጻነት ታወጀ። ግንቦት 16 አሥመራ ተያዘች፣ ግንቦት 20 አዲስ አበባ። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የነበረው ሠራዊት ተበተነ። ከኤርትራ የወጣው ወታደር ከፊሉ ሱዳን ገባ፣ ከፊሉ በየመንገዱ እየለመነ ወደ ቀዬው ሄደ። ክንፉንና መለዮውን ከመንገድ ላይ የጣለ፣ ሰነዱን የቀበረ ብዙ ነው። የሐርጌሳ ሰው ወደ ፍርስራሽ ቤቱ ሲመለስ አየር ወለዱም ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ በየቤቱ ያለው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ ብቸኛው ማስረጃ ነው። እነዚያ ሰዎች አሁን ከስልሳ አምስትና ከሰባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ቤታችሁ እንዲህ ያለ አባት ወይም አጎት ካለ ዛሬ ማታ አጠገቡ ተቀመጡና ጠይቁት፤ የትኛው ሻለቃ ውስጥ ነበርክ፣ ስንት ጊዜ ዘለልክ፣ ካራማራን በየት በኩል ወጣህ፣ ከጎንህ የወደቀው ማን ይባላል። መልሱን ስልካችሁ ላይ ቅዱት፣ ወረቀት ላይም ጻፉት፤ ከፎቶው ጀርባም ስሙንና የጦር ክፍሉን አስፍሩ።