ባለቀንዱ የስኳር ድንች ትል፦ መድኃኒት ከመርጨት በፊት ማወቅ የሚገባን

በአርባ ምንጭ ዙሪያ ወረዳ፣ በአባያ ሐይቅ አቅራቢያ በምትገኘው በላንቴና በአካባቢዋ ቆላ፣ ሙዝና ማንጎ በሰፊው ይለማሉ፤ ስኳር ድንችና ፓፓያም አብረው ይገኛሉ። በስኳር ድንች ማሳ ውስጥ ከአመልካች ጣት የሚረዝም፣ ከኋላው ቀንድ ያለው ወፍራም ትል ሲታይ ገበሬው መደንገጡና መድኃኒት መጠየቁ አይቀርም። ሆኖም የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ገንዘብ አውጥቶ ኬሚካል ከመግዛቱ በፊት፣ የልማት ሠራተኛው ሦስት ነገሮችን ማረጋገጥ ይኖርበታል። ተባዩ የትኛው ነው? ሰብሉ በምን ደረጃ ላይ ይገኛል? ትሉ ሲገደል አብሮ የሚጠፋ ጥቅም አለ ወይ?

ተባዩን ለይቶ ማወቅ

ባለቀንዱ ትል በሳይንሳዊ ስሙ አግሪየስ ኮንቮልቩሊ የተባለው ትልቅ የእሳት እራት ዕጭ ነው። ቀለሙ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሲሆን ሙሉ ዕድገቱ ላይ ሲደርስ ወደ 9 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። እናቲቱ እንቁላሎቿን በቅጠል ላይ አንድ በአንድ ስለምትጥል ትሎቹ ተበታትነው ይገኛሉ። ከሐረጉ ሥር የወደቀ ጥቁርና ደረቅ ኩስ መገኛቸውን ያመለክታል።

ይህን ተባይ ከስኳር ድንች ቢራቢሮ ጋር ማምታታት አይገባም። የቢራቢሮዋ ትሎች ሰውነታቸው በእሾህ መሰል ፀጉር የተሸፈነ ሲሆን፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በድር ውስጥ በመንጋ ይኖራሉ። ቢራቢሮዋም ብርቱካንማ ክንፍ ያላትና በቀን የምትበር ናት።

ሕይወቱና ጉዳቱ

ትሉ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቅጠል ከበላ በኋላ አፈር ውስጥ ገብቶ ወደ ፑፓ ይለወጣል። ፑፓው ቀላ ያለ ቡናማ ሲሆን እንደ ማሰሮ ጆሮ የታጠፈ እጀታ መሰል አካል አለው። ከዚህም በክንፉ ዝርጋታ ከ8 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ሆዱ ላይ ሮዝና ጥቁር ቀለበቶች ያሉት ግራጫ የእሳት እራት ይወጣል።

አደጋው የሚከፋው ሐረጉ ገና መሬቱን ባልሸፈነበት ጊዜ ነው። መሬቱን የሸፈነ ጠንካራ ሐረግ ግን ጥቂት ቅጠል ቢበላበትም መልሶ ያቆጠቁጣል።

ማታ የሚሰጠው ጥቅም

የዚህ ቤተሰብ የእሳት እራቶች አመሻሽ ላይ በረጅም ምላሳቸው የአበባ ማር ይቀስማሉ። ወንዴና ሴቴ ዛፉ ለየብቻ የሆነ ፓፓያ ፍሬ የሚይዘው የወንዴው የአበባ ብናኝ ወደ ሴቴዋ ሲደርስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የኬንያ ጥናት ይህን ሥራ በዋናነት የሚፈጽሙት እነዚሁ የእሳት እራቶች መሆናቸውን፣ ለተፈጥሮ ዕፅዋት በቀረቡ ማሳዎችም በብዛት እንደሚታዩ አመልክቷል። እንግዲህ ስኳር ድንቹን የሚበላው ትል ካደገ በኋላ ከፓፓያ አገልጋዮች ወገን ይሆናል ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

1. ሐረጉ መሬት እስኪሸፍን ድረስ ማሳውን በየጊዜው መቃኘት፤ ኩስ በታየበት ቦታ ትሉን ፈልጎ በእጅ መልቀም።
2. ሰብሉ ከተነሣ በኋላ መሬቱን ማረስ። የተገለበጠው ፑፓ ለፀሐይና ለወፍ ይጋለጣል።
3. በማሳው ውስጥ የስኳር ድንች ዘመድ የሆኑትን የሐረግ አረሞች መንቀል፤ ትሉ በእነርሱም ላይ ይራባል።
4. ፓፓያ ባለበት አካባቢ በመብራት ወጥመድ የእሳት እራት አለመፍጀት፤ በማሳ ዳር ያለውን ቁጥቋጦም አለመመንጠር።
5. ጥቂት ትል ስለታየ ብቻ ኬሚካል አለመርጨት። የስኳር ድንች ሐረግ ለከብት መኖ እንደሚውልም መዘንጋት የለበትም።

ንብ አርቢዎችም አንድ ዘመዱን ይወቁ። አኬሮንሺያ አትሮፖስ የሚባለው፣ ጀርባው ላይ የራስ ቅል የሚመስል ምልክት ያለበት የእሳት እራት ሌሊት ቀፎ ገብቶ ማር ይመጣል። የቀፎውን በር ንብ ብቻ በምታልፍበት መጠን ማጥበብ ይህን ይከለክለዋል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው እጅ፣ ማረሻና አስተዋይ ዓይን ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ለኬሚካል ሊያወጣ ያሰበውን ገንዘብ ጤናማ የስኳር ድንች ቁርጥራጭ ለመግዛት ቢያውለው የተሻለ ይጠቀማል።