በሬውን ማን ባረከው?

ድግስ ቤት ስደርስ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ያህል ምግብ እንደተረፈ አይደለም፤ «በሬውን ማን ባረከው?» ነው። ሆሳዕና ውስጥ ከሰርግ፣ ከምርቃትና ከልቅሶ ቤት የተረፈ ምግብ ሰብስቦ የሚያድል ሰው ይህን ሳይጠይቅ ድስት ቢያነሳ፣ ደክሞ ያመጣው ወጥ ከደጃፍ ይመለስበታል። ሙስሊሙ ክርስቲያን የባረከውን አይበላም፤ የሙስሊሙን የማይበላ ክርስቲያንም ብዙ ነው። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ደግሞ የሚጾም ኦርቶዶክስ አለ። ስለዚህ የሥጋ ወጥ ለብቻው፣ በራሱ ጭልፋ ይቀዳል። የምስርና የሽሮ ወጥ የማንንም ደጅ ያለ ጥያቄ ያልፋሉ። ጎመንም ባለፈ ነበር፤ ግን የሀዲያ ሴት ጎመን ሠርታ ቅቤ መቼ ትነፍገዋለች!

ቢሮም ማኅተምም የለንም። የእድር ሴቶችና የሰፈር ወጣቶች ነን። ንብረታችን ክዳን ያላቸው ድስቶች፣ ሰፋፊ ትሪዎች፣ ጓንትና የአንዱ ልጅ ባጃጅ ነው። ሥራ የሚበዛብን በጥር፣ ከፋሲካ በኋላና የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲመረቁ ነው።

ምግብ ለምን ይተርፋል? ደጋሽ ስለሚፈራ ነው። ምግብ ያለቀበት ሰርግ ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው እስኪድሩ ይወራል። ሦስት መቶ ሰው የጠራ ለአምስት መቶ ያሠራል። ያም ሆኖ የተረፈው ሁሉ ባለቤት አልባ አይደለም። ሌሊቱን ሽንኩርት ስትከትፍ ያደረች ጎረቤት ለልጆቿ ቋጥራ መሄድ መብቷ ነው። በማግስቱ የመልስ ድግስ ካለ የዛሬው ወጥ ነገ ይፈለጋል። ዘግይቶ ከገጠር የሚደርስ ዘመድም አለ። እኛ የምንገባው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ሆኖም በጣም «በኋላ» ከሆነ ምግቡ ለሰው የማይሆንበት ሰዓት ይደርሳል። የሥራችን ጭንቀት በሙሉ እዚህች ጠባብ ሰዓት ላይ ነው።

ከሳህን የተመለሰ ምግብ አንወስድም። በዚህ ላይ ድርድር የለንም። ከድስቱ ያልወጣውን፣ ትሪ ላይ ቀርቦ እጅ ያልነካውን ብቻ እንቀዳለን። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆቴልና ከካፌ የተሰበሰበ ትርፍራፊ ተቀላቅሎ «ቡሌ» በሚል ስም ለድሃ ይሸጣል። የሚገዛውን አልፈርድበትም፤ ራት ነው። እኔ ግን ለራሴ ልጅ የማላቀርበውን ይዤ የሰው ደጅ አላንኳኳም። የተነካው ለከብትና ለውሻ ይሁን፤ እሱም ቢሆን ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ከሚበሰብስ ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሙቀት ነው። «አገራችን ብርድ ነው፣ ምን ይሆናል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ሆሳዕና ቀዝቀዝ ያለች መሆኗ እውነት ነው፤ ትልቅ ብረት ድስት ግን ላዩ ቀዝቅዞ መሃሉ እስከ ሌሊት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ተሐዋስያን የሚራቡትም በዚያ ለብታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ እንደሞቀ ወይም ከ5 ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ እንዲቆይ፣ እንዲሁ ውጭ ግን ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቀመጥ ይመክራል። ፍሪጅ ስለሌለን ወጡን ወዲያው በሰፋፊ ትሪዎች እንከፋፍላለን፤ በዚያው ምሽት አድርሰን እንጨርሳለን። «ነገ ይፈላል» ማለትም መፍትሔ አይደለም፤ አንዳንዱ ተሐዋስ የሚተወው መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ክትፎና ጥሬ ሥጋ ከነጭራሹ አንነካም። እንጀራው እስኪሻግት ጥቂት ቀን ይሰጣል፤ ካልደረሰም ድርቆሽ ይሆናል። ለዚህ ሥራ እንደ ቆጮ የተመቸ ግን የለም። ከመጋገሩ በፊት ጉድጓድ ውስጥ በኮባ ተሸፍኖ ወራት የሚቆይ ምግብ ነው፤ ተጋግሮም በኮባ ቢጠቀለል መንገድ አያበላሸውም።

የሚደርሰው ለማን ነው? ለጧሪ አልባ አረጋውያን፣ ጎዳና ለሚያድሩ ልጆች፣ ከሁሉ በላይ ለአስታማሚዎች። በከተማችን ያለው ሆስፒታል በንግሥት እሌኒ መሐመድ ስም የተሰየመ ነው፤ የሀዲያ ልጅ ነበረች፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት። ከየወረዳው በሽተኛ ይዞ የሚመጣ ሰው ገንዘቡ በመድኃኒትና በትራንስፖርት ያልቅና ራሱን ይረሳል። እንዲህ ያለው ሰው ለማኝ ስላልሆነ እጁን አይዘረጋም። ስለዚህ «ከሰርግ ነው፣ ደጋሾቹ ልከው ነው» ብለን እናቀርብለታለን። ያኔ ይበላል፤ ሙሽሮቹንም ይመርቃል።

ሥራው በሌላው ዓለም ስምና ሕግ ካገኘ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1967 ጆን ቫን ሄንገል የተባለ ሰው አሜሪካ፣ ፊኒክስ ከተማ ውስጥ የመጀመሪያውን የምግብ ባንክ ከፈተ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2016 ስፋታቸው ከ400 ካሬ ሜትር በላይ የሆነ ሱፐርማርኬቶች የሚበላ ምግብ እንዳይጥሉ ከለከለች። አዲስ አበባ ውስጥም ኢት ሬይንስ የሚባል የምግብ ባንክ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ 60 በመቶው ከየሰዉ ቤት ነው። ሱፐርማርኬት የእኛ ችግር አይደለም። የእኛ ድግሱና ገበያው ነው። አቮካዶ በሚደርስበት ወቅት ከሀዲያና ከከምባታ ገጠር የመጣው ሁሉ በአንድ ሳምንት ይበስልና ማታ ነጋዴዋ መልሳ የማትወስደው ክምር ይቀራል። እሱን ለመሰብሰብ ገና አቅም የለንም፤ የሚያነሳው ቢገኝ ለሌላ ቡድን የሚበቃ ሥራ ነው።

ሰርግ ያላችሁ፣ እንግዳ ከመጥራታችሁ ጋር ይህን አስቡልን። ድግሱን ከሚያስተናብሩት አንዱን ሰው የሚተርፈውን እንዲከታተል መድቡ። ምግቡ አንድ ጊዜ ተጠራርጎ ቡፌ ላይ ከሚወጣ ከየዓይነቱ ግማሹ ተከድኖ ምድጃ ላይ ይቆይ፤ ሲያስፈልግ ይጨመራል። የጾሙንና የሥጋውን ጭልፋ አትቀላቅሉ። እድራችሁ እንዲህ ያለ ቡድን ከሌለው ለመጀመር ክዳን ያለው ድስትና ፈቃደኛ ባለባጃጅ ይበቃል። ትርፉን ሊወስድ የሚመጣውን ሰው ደግሞ ከዋዜማው ንገሩት፤ እንግዳ ከተሸኘ በኋላ የሚደወል ስልክ ብዙ ጊዜ ይዘገያል።