ቤተሰብ ከልጆቹ ጋር በአካባቢው የወጣቶች ክበብና ማዕከል ስለሚሳተፍበት አግባብ

በምሥራቅ ወለጋ ዞን የሚገኘው የኪራሙ ወረዳ ከነቀምቴ በስተሰሜን፣ ኦሮሚያና አማራ ክልሎች በሚዋሰኑበት አካባቢ ይገኛል። ኦሮምኛና አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦች በጉርብትና የኖሩበት ይህ ወረዳ ባለፉት ዓመታት በተከሰተው የጸጥታ ችግር በርካታ ነዋሪዎቹ ከቀያቸው የተፈናቀሉበት ነው። በመሆኑም ወደ ቀዬው የተመለሰም ሆነ ባለበት የቆየ ወላጅ ልጁን ወደ ወጣቶች ክበብ ከመላኩ በፊት «ልጄ የት ይውላል? ከማንስ ጋር?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ለዚህ ስጋት የተሻለው መፍትሔ ልጅን በቤት ማስቀረት ሳይሆን ወላጁ ራሱ የክበቡን ሥራ ማወቁና በውስጡ ድርሻ መያዙ ነው።

በቅድሚያ መታየት ያለበት ዕድሜ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ያለውን ዜጋ ነው። በሌላ በኩል 18 ዓመት ያልሞላው ሰው በሕግ ለአካለ መጠን ያልደረሰ በመሆኑ በወላጁ ወይም በአሳዳሪው ኃላፊነት ሥር ይገኛል። ስለዚህ የ20፣ የ16 እና የ11 ዓመት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሦስቱን በአንድነት ለማስመዝገብ ቢመጣ ጉዳያቸው አንድ ዓይነት አይደለም። የ20 ዓመቱ በራሱ ፈቃድ አባል ይሆናል። የ16 ዓመቷ በፖሊሲው ወጣት ብትባልም ወላጅ አውቆና ተስማምቶ ልትመዘገብ ይገባል። የ11 ዓመቱ ግን ገና ሕፃን ስለሆነ ከታላላቆቹ ጋር በአንድ መርሐ ግብር ከሚቀላቀል ይልቅ በትምህርት ቤቱ ክበባት ቢሳተፍ ይመረጣል።

የት መሄድ እንደሚገባ ብዙ ተገልጋዮችን ያደናግራል። በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 መሠረት በፌዴራል ደረጃ የወጣቶች ጉዳይ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሲሆን፣ ስፖርት ደግሞ የባህልና ስፖርት ሚኒስቴር ኃላፊነት ነው። በኦሮሚያ ክልል ግን ሁለቱ በአንድ ቢሮ ሥር ይመራሉ። ለኪራሙ ነዋሪ የመጀመሪያው በር የቀበሌው አስተዳደር፣ ቀጥሎም በወረዳው የወጣቶችን ጉዳይ የሚከታተለው ጽሕፈት ቤት ነው። ለዚህ ጉዳይ ወደ ነቀምቴ ወይም ወደ አዲስ አበባ መመላለስ አያስፈልግም።

የዕድሜ ማስረጃ ሊጠየቅ ስለሚችል የልደት ምስክር ወረቀት ያለው ይዞ ቢቀርብ መልካም ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ ያለበት ቢሆንም፣ ጊዜው ያለፈበትም ልጅ ዘግይቶ ሊመዘገብ ይችላል። በመፈናቀል ወቅት ሰነዱ የጠፋበት ቤተሰብ ይህንኑ ለቀበሌው አስረድቶ ምትክ የሚያገኝበትን መንገድ ይጠይቅ፤ ወረቀት በመጥፋቱ ብቻ ልጁ ከጓደኞቹ ተለይቶ መቅረት የለበትም።

ከምዝገባው ይልቅ ክብደት የሚሰጠው ከዚያ በፊት የሚደረገው ጉብኝት ነው። የወጣቶች ማዕከላት እንደየአቅማቸው ቤተ መጻሕፍት፣ የቤት ውስጥ ጨዋታ፣ የስፖርት ሜዳ፣ የጤናና የሥነ ልቦና ምክር ይሰጣሉ። ወላጆች በአንድ የሥራ ቀን ከልጆቻቸው ጋር ሄደው ኃላፊው ማን እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ፣ ለሴቶች የተለየ መጸዳጃ ቤት መኖሩን፣ ማስታወቂያው ልጆቹ በሚረዱት ቋንቋ መለጠፉን ቢያዩ ብዙ ጥርጣሬ ይቀላል። ክፍያ ካለ ደረሰኝ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሴት ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚቀሩት ክበቡ ስለከለከላቸው ሳይሆን ሰዓቱ ከውኃ መቅዳትና ከምግብ ማብሰል ጋር ስለሚጋጭ፣ መንገዱም ሲመሽ ስለሚያስፈራ ነው። ሰዓት በሚወሰንበት ስብሰባ ላይ እናቶች ካልተገኙ ይህን የሚያነሳ ሰው ላይኖር ይችላል። ስለሆነም እናቶች በስብሰባው ተገኝተው ሰዓቱ ወደ ቀን እንዲዛወር፣ የአንድ ሰፈር ልጆችም በአንድነት እንዲመለሱ ማመልከት ይችላሉ። በቤት ውስጥም ሥራውን ወንድሞች ቢካፈሉት ልጅቱ ጊዜ ታገኛለች። አባቶችና አረጋውያን በበኩላቸው ችግኝ ማፍላትን፣ ሽመናን፣ ወይም በአካባቢው ጠብ በሽምግልና እንዴት ይፈታ እንደነበር ለወጣቶቹ ሊያስተምሩ ይችላሉ። የሁለቱ ቋንቋ ተናጋሪ ልጆች በአንድ ቡድን ሲጫወቱ ወላጆቻቸው ሜዳው ዳር አብረው መቆማቸው በራሱ ትርጉም አለው።

በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወጣቶች ችግኝ ይተክላሉ፤ የአረጋውያንንና የአቅመ ደካሞችን ቤት ይጠግናሉ። በጎ ፈቃድ ቅጥር ባይሆንም ወላጆች የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እንደ መለኪያ ሊወስዱት ይችላሉ፦ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው ወጣት ሠራተኛም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሊሠራ አይገባም። ጣሪያ ላይ መውጣትን የመሰለ አደገኛ ሥራ ለልጆች የሚተው አይደለም።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 መሠረት መደራጀት መብት እንጂ ግዴታ አይደለም። አባልነቱን የማይፈልግ ወጣት በማንኛውም ጊዜ ሊተወው ይችላል። ልጁ በክበቡ ውስጥ ጥቃት ወይም ማስገደድ የደረሰበት ወላጅ ግን ጉዳዩን ለክበቡ ኃላፊ ብቻ ነግሮ መጠበቅ የለበትም፤ ለወረዳው ፖሊስና ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሳይዘገይ ሊያሳውቅ ይገባል።