መነኩሴውን የሚያስርም የሚፈታም ቤተ መንግሥት

በጥር 2025 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኮሎምቦ ፍርድ ቤት ጋላጎዳ አቴ ግናናሳራ በተባሉት የስሪላንካ የቡድሃ እምነት መነኩሴ ላይ እስልምናን በማንቋሸሽ የዘጠኝ ወር እስራት ፈረደ። ሰውየው ለወህኒ ቤት እንግዳ አይደሉም። በ2018 ፍርድ ቤት በመድፈር ስድስት ዓመት ተፈርዶባቸው ነበር፤ በዓመቱ ግን ፕሬዚዳንት ሲሪሴና ምሕረት አደረጉላቸው። በ2021 ደግሞ ፕሬዚዳንት ጎታባያ ራጃፓክሳ «አንድ አገር፣ አንድ ሕግ» ለተባለው ግብረ ኃይል ሰብሳቢ አድርገው ሾሟቸው።

የምያንማሩ መነኩሴ አሺን ዊራቱም በዚሁ መንገድ ተመላልሰዋል። በ2003 በፀረ ሙስሊም ቅስቀሳ 25 ዓመት ተፈረደባቸው፤ በ2012 ተፈቱ። የአገሪቱ መሪ የነበሩትን አውን ሳን ሱ ቺን በመዝለፍ ተከሰው እንደገና ቢታሰሩም፣ በ2021 መፈንቅለ መንግሥት ያደረጉት ጄኔራሎች ለቀቋቸው፤ በ2023 የክብር ማዕረግ ጨመሩላቸው።

እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር «የሰላም ሃይማኖት እንዴት እዚህ ደረሰ?» የሚሉ ይበዛሉ። ጥያቄው የዋህ ነው። በእነዚህ አገሮች ንጉሡ የመነኮሳቱን ማኅበር ይጠብቅ ነበር፤ ማኅበሩም ዙፋኑን ይባርክ ነበር። እንግሊዞች በ1815 የስሪላንካዋን ካንዲን፣ በ1885 የምያንማሯን ማንዳላይን ሲይዙ ዙፋኑ ጠፋ፤ «ሃይማኖቱን ማን ይጠብቅ?» የሚለው ስጋት ግን ቀረ። በሲሎን (በዛሬዋ ስሪላንካ) የቡድሃ እምነት ሰባኪው አናጋሪካ ዳርማፓላ ሃይማኖትንና የሲንሃላን ዘር አንድ አድርገው ሰበኩ። በበርማ (በዛሬዋ ምያንማር) መነኩሴው ኡ ዊሳራ 166 ቀን ምግብ አልበላም ብለው በ1929 እስር ቤት ውስጥ ሞቱ። ከነፃነት በኋላም የሲሎን መነኮሳት ጠቅላይ ሚኒስትር ባንዳራናይኬን በ1956 ለሥልጣን አበቁ፤ እሳቸውም ሲንሃልኛን ብቸኛ የመንግሥት ቋንቋ አደረጉ። በ1959 የገደላቸው ጥይት የተተኮሰው ከመነኩሴ እጅ ነው።

ከሁሉም የሚያከራክረው ማሃዋምሳ የተባለው ጥንታዊ የስሪላንካ ዜና መዋዕል ነው። ንጉሥ ዱቱጌሙኑ የታሚሉን ንጉሥ ኤላራን ድል ካደረገ በኋላ በፈሰሰው ደም ሲጨነቅ፣ ስምንት ቅዱሳን መጥተው «የገደልከው አንድ ሰው ተኩል ብቻ ነው፤ ሌላው ያላመነ፣ ከእንስሳ የማይሻል ነው» ብለው አጽናኑት ይላል። ይህ ታሪክ ባሕር ተሻግሯል። በጥቅምት 2017፣ ከ700,000 በላይ የምያንማር ሙስሊሞች የሆኑ ሮሂንጂያዎች ወደ ባንግላዴሽ በሚሰደዱበት ወቅት፣ የተከበሩት መምህር ሲታጉ ሳያዶ ለምያንማር የጦር መኮንኖች ባደረጉት ስብከት ይህንኑ ጠቀሱ። ያው መጽሐፍ ግን ኤላራን ፍትሐዊ ንጉሥ ይለዋል፤ ዱቱጌሙኑም መቃብሩን አክብሮ፣ በዚያ ሲታለፍ ከበሮ እንዳይመታ ማዘዙን ይተርካል። ሰባኪዎቹ ይህን ገጽ አይገልጡም።

ሌሎቹን አገሮች በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በታይላንድ ኪቲውዶ የተባሉ መነኩሴ በ1976 ኮሚኒስት መግደል ኃጢአት እንዳልሆነ ተናግረዋል። በጃፓን የሶቶ ዜን የቡድሃ ማኅበር የጃፓን ጦር በእስያ ላካሄደው ወረራ ለሰጠው ድጋፍ በ1992 ይቅርታ ጠይቋል። 

መነኮሳት ሁሉ ከገዢ ጎን ቆመዋል ማለት አይደለም። በ2007 የምያንማር መነኮሳት የምጽዋት ሳህናቸውን ደፍተው «ከወታደር ምጽዋት አንቀበልም» ሲሉ፣ የአገዛዙ መልስ ዱላና ጥይት ነበር። ቤተ መንግሥት የሚጠላው ፖለቲከኛ መነኩሴን ሳይሆን የማይታዘዘውን ነው።

ለዚህ ነው የኮሎምቦው ፍርድ ብዙም ተስፋ የማይሰጠኝ። አንድን ሰባኪ ማሰር ቀላል ነው። የስሪላንካ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 ግን ለቡድሃ እምነት «ቀዳሚ ስፍራ» ይሰጣል፤ መንግሥትም እንዲጠብቀው ያዛል። የምርጫ ድምፅ ያጠረው ፖለቲከኛ ይህን አንቀጽ ይዞ ወደ ገዳም ሲሄድ በሩን የሚከፍትለት መነኩሴ አያጣም።